መጨረሻ ላይ የዘነበው ዝናብ

(ጅማ ላይ በንባብ ክበባችን ስብሰባ የተደረገ ንግግር። ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ ሲሆን እዚህም እዚያም ጥቂት ብቻ ተስተካክሏል።)

እንደምን አመሻችሁ!

እንደምን አመሻችሁ ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፣ እናቶቻችን፣ አባቶቻችን፣ ከኋላ የቆማችሁ ተማሪዎች። ግቡ፣ ግቡ። እዚህ ፊት ለፊት ቦታ አለ። በርጩማውን ሳብ አድርጉና ተቀመጡ። በዚህ ዝናብ መምጣታችሁ በጣም ነው ያስደሰተኝ። ከጫማችሁ ላይ ጭቃው ይታየኛል። ክበባችንን ምን ያህል እንደምትወዱት እሱ ይበቃኛል።

እንግዲህ የዛሬው ወሬዬም ስለ ዝናብ ነው። አንድ ፊልም መጨረሻ ላይ ስለዘነበ ዝናብ። መዝነብ ስላልነበረበት ዝናብ።

ፊልሙ «ዱን» ይባላል። የአሁኑን አይደለም የምላችሁ። በ2021 እና በ2024 የወጡትን ሁለቱን ብዙዎቻችሁ አይታችኋል። እኔ የማወራው ስለ ድሮው ነው። በ1984 ስለወጣው፣ ዴቪድ ሊንች ስላዘጋጀው። የመጽሐፉንና የፊልሙን ዓመታት በፈረንጆቹ እቆጥራለሁ፤ የራሴን ግን በእኛው። እንዳትደናገሩ።

ሦስት ነገር አነሳለሁ። መጽሐፉን እንዴት እንዳገኘሁት፣ ፊልሙ ምን እንዳደረገው፣ ከዚያ ዝናቡን። መጀመሪያው ላይ ትንሽ ብቆይ ታገሡኝ፤ እዚያ ካልቆየን ሦስተኛው አይገባንም።

መጀመሪያ መጽሐፉ።

እኔ እዚሁ ጅማ ነው ተወልጄ ያደግሁት፣ አዌቱ ወንዝ አጠገብ። ውሃ ለእኔ ምን ነበር መሰላችሁ? የሚሸሹት ነገር ነበር። ጣራ ያፈሳል፣ መንገድ ይቆርጣል፣ ልብስ አያስደርቅም። እናቴ የታጠበ አንሶላ ለሦስት ቀን ከጓዳ ሳሎን፣ ከሳሎን ጓዳ ስታዞር ትዝ ይለኛል። ውሃ ይናፍቃል ቢሉኝ አላምንም ነበር።

በ1985 ዓ.ም. መምህር ሆኜ ተመደብኩ። የት? ቦረና። ቆላው ውስጥ። ኦሮምኛ ስለምችል ቋንቋው አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ ሌላ ነው።

የደረስኩ ቀን የቤቷ ባለቤት፣ እድሜያቸው የገፋ እናት፣ ምግብ አቀረቡልኝ። ማስታጠቢያ ከታች አስቀምጠው በጆግ ያስታጥቡኝ ጀመር። እኔም እናቴ እንዳስተማረችኝ ታጠብኩ። እጄን አሸሁ፣ እስከ ክርኔ ወጣሁ፣ አፌን ተጉመጠመጥኩ፣ «ትንሽ ይጨምሩልኝ» አልኩ። ዝም ብለው ጨመሩልኝ። አንድ ቃል አልተናገሩም። ስጨርስ ማስታጠቢያውን በሁለት እጃቸው አነሡት። እንዴት አድርገው መሰላችሁ? የተኛ ሕፃን እንደሚያነሣ ሰው። ጠብታ እንዳይፈስ እግራቸውን እየመጠኑ ሄዱ። በረንዳው ጥግ አንዲት ግልገል ታስራለች። ፊቷ አስቀመጡላት። ግልገሏ እስከ ታች ጠጣችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «መምህር፣ ይሄ ውሃ በልጄ ጀርባ ነው የመጣው» አሉኝ። ቁጣ የለበትም። እንዲያው እንዳውቀው ብለው ነው።

ያን ቀን የበላሁት እህል ምን እንደነበር አላስታውስም። ግልገሏ ስትጠጣ የተሰማኝን ድምፅ ግን አስታውሳለሁ።

በኋላ ልጃቸው ውሃው ወደሚቀዳበት ወሰደኝ። የቦረናን ኤላ ያያችሁ አላችሁ? እጃችሁን አውጡ እስቲ። ሁለት፣ ሦስት... ጥሩ። ላላያችሁት ልንገራችሁ። ጥልቅ ጉድጓድ ነው። «ቱላ» የሚባሉት ትልልቆቹ ከትውልድ ትውልድ የተወረሱ ናቸው፤ የዛሬው ሰው አልቆፈራቸውም። ሰዎች ከታች እስከ ላይ በመሰላል ይደረደራሉ። የታችኛው ይቀዳል፣ ለሚቀጥለው ይወረውራል፣ እሱም ለላይኛው። ባዶው በሌላ እጅ ይመለሳል። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ይዘፍናሉ። በዜማው ነው እጃቸው የሚገጥመው። ከላይ ደግሞ ከብቶቹ ተራ ይጠብቃሉ። ተራውን የሚያስከብር ሰው አለ፣ አባ ሄሬጋ ይባላል። የማን ከብት መቼ እንደሚጠጣ እሱ ያውቃል። ባለጠጋም ቢሆን ተራ አይዘልም።

ውሃ በሰው እጅ ይመጣል። ከእጅ ወደ እጅ። ይቺን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

መጽሐፉን ያገኘሁት እዚያው ነው። ከእኔ በፊት የነበረ መምህር ትቶት ሄዷል። ሽፋኑ ተገንጥሏል፣ ጠርዙን አይጥ ቀምሶታል። ከአምስት መቶ ገጽ በላይ ነው፣ እንግሊዝኛው ከባድ ነው። ከመዝገበ ቃላት ጋር ሦስት ወር ፈጀብኝ። ማታ ማታ በፋኖስ። ዓለሙ አራኪስ ይባላል። ዝናብ ዘንቦበት የማያውቅ በረሃ። ሕዝቡ ፍሬመን ይባላሉ። ላባቸውን ሳይቀር እያጣራ መልሶ የሚያጠጣቸው ልብስ ይለብሳሉ። ሰው ሲሞት የገላው ውሃ ለወገኑ ይመለሳል። ከአሸዋው ሥር ግዙፍ ትሎች አሉ። ዓለማት ሁሉ የሚዋጉለት ቅመም የሚገኘውም ከእነዚህ ትሎች ነው። ፖል የሚባል የመስፍን ልጅ አባቱ ተገድሎበት፣ ከእናቱ ጋር ወደ በረሃው ሸሽቶ ከነዚህ ሰዎች ጋር ይኖራል። ታሪኩ በአጭሩ ይሄ ነው።

ጸሐፊው ፍራንክ ኸርበርት ይባላል። ጋዜጠኛ ነበር። ሐሳቡ ከየት መጣለት? በ1957 ኦሪገን በሚባለው የአሜሪካ ግዛት፣ ፍሎረንስ ወደምትባል የባሕር ዳር ከተማ ሄደ። የአሸዋ ክምር በነፋስ እየተገፋ መንገድና ቤት ያስቸግር ነበር። የመንግሥት ባለሙያዎች ደግሞ ሣር እየተከሉ አሸዋውን ያስቆሙታል። ኸርበርት ስለዚህ ለመጽሔት ሊጽፍ ነበር የሄደው። ጽሑፉ ሳይወጣ ቀረ። በረሃው ግን ከልቡ አልወጣ አለ። ዓመታት አጥንቶ፣ ዓመታት ጽፎ፣ በ1965 መጽሐፍ ሆነ። ከዚያ በፊት ከሃያ በላይ አሳታሚዎች መልሰውለታል። መጨረሻ የተቀበለው ቺልተን የሚባል፣ በመኪና ጥገና መጻሕፍት የሚታወቅ አሳታሚ ነው! እዚህ ረቂቃችሁ የተመለሰባችሁ ልጆች አላችሁ፣ አውቃለሁ። ይሄን ስሙልኝ።

ልብ በሉ፤ የመጽሐፉ ዘር ሣር የሚተክሉ ሰዎች ናቸው። ተአምር አይደለም። ሣር፣ በእጅ፣ አንድ በአንድ።

አሁን ከመጽሐፉ ሦስት ቦታ ላሳያችሁ።

አንደኛው የእራት ግብዣው ነው። መስፍኑ አዲስ ወደተሰጠው ቤት ይገባል። በቤቱ የቆየ ልማድ አለ። እንግዶች ሲመጡ እጃቸውን በሳህን ውሃ ይነክራሉ፣ ብዙውን ወለል ላይ ያፈሱታል፣ በፎጣ ይጠርጉና ፎጣውን እዚያው እርጥቡ ላይ ይጥሉታል። ከእራት በኋላ ለማኞች በር ላይ ይሰበሰባሉ። ምን ፍለጋ? ከፎጣው ተጨምቆ የሚወጣውን ውሃ። ጥጋባቸውን እንዲህ ነው የሚያሳዩት። መስፍኑ ይሄን ሲያይ ልማዱ ይቅር፣ ለመጣው ሁሉ አንድ አንድ ኩባያ ውሃ ይሰጠው ብሎ ያዛል።

ይህን ገጽ ቦረና ቁጭ ብዬ ሳነብ መጽሐፉን ዘጋሁት። ያቺ ግልገል ታየችኝ። «ትንሽ ይጨምሩልኝ» ያልኩት ታየኝ። በማላውቀው አገር፣ በባዕድ ቋንቋ የጻፈ ሰው እኔን ያየኝ መሰለኝ። መጽሐፍ እንዲህ አድርጎ ይዟችሁ አያውቅም?

ሁለተኛው። ፖል ከፍሬመኖች አንዱን፣ ጃሚስ የሚባለውን፣ በግድ በገባበት ፍልሚያ ይገድለዋል። ሰው ሲገድል የመጀመሪያው ነው። በቀብሩ ሥርዓት ላይ እያንዳንዱ ወዳጅ ስለሟቹ አንድ ነገር ይናገራል። ፖል ተነሥቶ ሲናገር እንባው ይመጣል። ዙሪያውን ያለው ሰው በሹክሹክታ «ለሙታን ውሃውን ይሰጣል» ይላል። ጉንጩን በጣታቸው ይነኩታል። እነሱ አያለቅሱማ! እንባ ውሃ ነው። ይህ ልጅ ግን ለገደለው ሰው ውሃውን አፈሰሰ።

ሦስተኛው ለእኛ ለጅማ ሰዎች ነው። ፖል ከጃሚስ ምን እንደወረሰ ታውቃላችሁ? የቡና ዕቃውን! በፍሬመን ሕግ የገደለው የሟቹን ቤት ይረከባል። ሚስቱን፣ ልጆቹን፣ የቡና ዕቃውን። ከዚያ በኋላ ፖል ቡና በጠጣ ቁጥር በገደለው ሰው ጀበና ነው የሚጠጣው። ቡና እንዲህ ያለ ነገር እንደሚሸከም ለእኛ ማን ይንገረን? እናቴ ከሞተች በኋላ ጀበናዋን አንስቼ ቡና ላፈላ ስል እጄ ተንቀጥቅጧል። እንኳን የገደሉት የወለደችኝ ሆና።

አንድ ነገር ልጨምር። ፖል በረሃ ውስጥ የሚወጣለት ስም «ሙአዲብ» ነው። ስሙን የሚወስደው ከአንዲት የበረሃ አይጥ ነው። ፍሬመኖቹ ስሙን ያመሰግኑለታል። ይቺ አይጥ የበረሃውን ጠባይ ታውቃለች፣ የልጆች አስተማሪ እንላታለን ይሉታል። ይህን ለጎረቤቴ ለሼኽ ነገርኳቸው። እሳቸውም ወዲያው፣ «እሱማ ዓረብኛ ነው፣ አደብ የሚያስተምር ማለት ነው» አሉኝ። አደብ! «አደብ ግዛ» የምንለው አደብ! ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ መጽሐፍ የፈረንጅ መጽሐፍ ሆኖ አልታየኝም።

እሺ። ሁለተኛው ነገር፣ ፊልሙ።

በ1986 ዓ.ም. ክረምት ለእረፍት ጅማ መጣሁ። አንድ ቪዲዮ ቤት በር ላይ በጠመኔ የተጻፈ ሰሌዳ አየሁ። «ዱን»። ልቤ ዘለለ። ሮጬ ሄጄ አራት ጓደኞቼን ሰበሰብኩ። መጽሐፉን ዓመቱን ሙሉ በደብዳቤ ስነግራቸው ነው የከረምኩት። መግቢያውን ለሁሉም እኔ ከፈልኩ። አግዳሚ ወንበር ላይ ተደረደርን። እንግሊዝኛው ሲከብዳቸው በጆሯቸው ልተረጉምላቸው ተስማማን።

የሚተረጎም ግን ጠፋ። ማለቴ በዛ። ፊልሙ ሲጀምር አንዲት ልዕልት ከከዋክብት መሐል ፊቷ ብቅ ይላል፤ ስለ ዓለማቱ፣ ስለ ቅመሙ፣ ስለ ነገሥታቱ ታወራለች። ከዚያ ሌላ ትንታኔ። ከዚያ ሰዎቹ አፋቸውን ሳይከፍቱ የሚያስቡት በሹክሹክታ ይሰማል። ተዋናዩ ያያል፣ ሹክሹክታው ይናገራል። ሌላው ያያል፣ ሹክሹክታው ይናገራል። ጓደኛዬ ክንዴን እየጎነተለ «ማነው አሁን የተናገረው?» ይለኛል። አሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ውስጥ የቃላት መፍቻ ወረቀት ለተመልካች ይታደል እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው። ፊልም ለማየት መፍቻ ወረቀት!

መጽሐፉ ውስጥ ብዙ ሐሳብ በሰዎች ጭንቅላት ውስጥ መሆኑ እውነት ነው። ለፊልም ይከብዳል። ግን ያቺ የቦረና እናት ማስታጠቢያውን ሲያነሡ ያሰቡትን በሹክሹክታ ነገሩኝ? እጃቸውን ነው ያየሁት። የእራቱን ግብዣ፣ ፎጣውን ብታሳየኝ ሁሉም በገባኝ ነበር። የእራት ግብዣው ግን ፊልሙ ውስጥ የለም። በሲኒማ በወጣው ቅጂ የጃሚስ ፍልሚያም የለም። ስለዚህ እንባውም የለም። የቡና ዕቃውም የለም። ሦስቱም፣ ያሳየኋችሁ ሦስቱም የሉም!

በምትኩ መጽሐፉ ውስጥ የሌለ ነገር ገባ። በመጽሐፉ ፖልና እናቱ ለፍሬመኖች የሚያስተምሩት የአካልና የአእምሮ ጥበብ አለ። ዓመታት የሚጠይቅ ልምምድ ነው። ፊልሙ ይህን አውጥቶ በድምፅ የሚገድል መሣሪያ አስገባ። ትጮኻለህ፣ ድንጋይ ይፈርሳል። የልጆች አስተማሪ የነበረችው ያቺ ስም፣ ሙአዲብ፣ ፊልሙ ላይ ግንብ የሚያፈርስ ጩኸት ሆነች። የአደብን ስም ወስዶ ጥይት ማድረግ! አስተማሪ ነኝና ይሄ ከሁሉ በላይ ያመመኝ ነው።

በነገራችን ላይ ፊልሙን ሙሉ በሙሉ አላጣጥለውም። ትሎቹ ከአሸዋው ሲወጡ እስከ ዛሬ ያስደነግጣሉ። ቤተ መንግሥቶቹ፣ አልባሳቱ፣ ሙዚቃው ብዙ ተለፍቶባቸዋል። ወደ 40 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል። ለዚያ ዘመን እጅግ ብዙ ገንዘብ ነው። የተቀረጸው ሜክሲኮ ውስጥ ነው። ፖልን ሆኖ የሠራው ካይል ማክላክላን የመጀመሪያ ፊልሙ ነበር፤ ልጁ በደንብ ተጫውቶታል። አሜሪካ ውስጥ ግን ገቢው ወጪውን አልመለሰም። ሮጀር ኢበርት የሚባለው ዝነኛ ሃያሲም ከአራት ኮከብ አንድ ብቻ ነው የሰጠው።

ጥፋቱ የአዘጋጁ ብቻ ነው? አይደለም። ሊንች ትልቅ የጥበብ ሰው ነበር፤ በ2025 ነው ያረፈው። ይህን ፊልም ሲሠራ ግን የመጨረሻው ቆረጣ ሥልጣን በእጁ አልነበረም። እሱ ረዘም ያለ ፊልም ነበር ያሰበው። ገንዘብ ያወጡት ሰዎች ከሁለት ሰዓት ብዙም አይለፍ አሉ። ሁለት ሰዓት ከ17 ደቂቃ ሆኖ ወጣ። በኋላ ለቴሌቪዥን ሌሎች ሰዎች ረዘም አድርገው ሲቀጥሉት ስሜን አንሡልኝ አለ። አለን ስሚዚ የሚል የሐሰት ስም ገባበት። አንድ ሰው በልጁ ላይ ስሜ አይጠራ ሲል አስቡት። ይህን ሳነብ ንዴቴ ወደ ኀዘን ተለወጠ።

ማጠሩንም ቢሆን እኔ አልከሰውም። ማሳጠር ኀጢአት አይደለም። እናንተ ወጣቶች ላትደርሱበት ትችላላችሁ፤ እድሜያችን የገፋን ግን ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብርን» በሬዲዮ ሲተርከው ሰምተናል። አይደል እናቶቼ? ሥዕል የለ፣ አልባሳት የለ፣ ፈረስ የለ። አንድ ሰው፣ አንድ ድምፅ። ሰብለን አላየናትም? በዛብህን አላየነውም? እኛ ቤት ሬዲዮ አልነበረም። ጎረቤት ሄደን አጥሩ ሥር ቆመን ነበር የምንሰማው። ባለቤቷ መስኮቱን ከፈት ታደርግልን ነበር። የገንዘብ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ያ ትረካ ከዜሮ ተነሥቶ ልባችን ውስጥ ባልገባ፣ ይህኛው በ40 ሚሊዮን ዶላር ከደጅ ባልቀረ። ወጋየሁ የመጽሐፉ ምሰሶ የት እንደቆመ ያውቅ ነበር። ምሰሶውን ካልነካህ ግድግዳ ብታነሣ ቤቱ አይወድቅም።

ታዲያ የ«ዱን» ምሰሶ የቱ ነው? ሦስተኛው ነገሬ ይሄ ነው፤ ዝናቡ።

ያን ቀን ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ውጭ ዝናቡ ጀመረ። የጅማን የነሐሴ ዝናብ ታውቁታላችሁ። የቪዲዮ ቤቱ ጣራ ቆርቆሮ ነው። የሰው ድምፅ መስማት አልተቻለም። ፖል ጠላቱን በጩቤ ገደለ። ንጉሠ ነገሥቱ ተንበረከከ። ከዚያ ሰማዩ ጠቆረ። መብረቅ። ከዚያ... ዘነበ! አራኪስ ላይ ዘነበ። ፖል ስለፈለገ ዘነበ። ውጭ ዝናብ፣ ውስጥ ዝናብ። ቤቱ በሙሉ ተነሥቶ አጨበጨበ። አራቱ ጓደኞቼም አጨበጨቡ። አንደኛው እቅፍ አድርጎኝ «ዘነበላቸው እኮ!» አለኝ።

እኔ እጄ አልተነሣም። ለምን?

እስቲ አንድ በአንድ እንየው። በመጽሐፉ ውሃ ለትሎቹ መርዝ ነው። ትል ውሃ ከነካው ይሞታል። ቅመሙ የሚመጣው ከትሎቹ ነው። ስለዚህ ዝናብ ከዘነበ ትሎቹ ያልቃሉ፣ ቅመሙ ያልቃል። ፖል ንጉሠ ነገሥቱን ያንበረከከው ደግሞ «ቅመሙን አጠፋዋለሁ» ብሎ በማስፈራራት ነው። አሁን ያንኑ ቅመም በራሱ ዝናብ ያጠፋዋል ማለት ነው። ያ ሁሉ ጦርነት ለምን ተደረገ? ይሄ እንግዲህ የሒሳብ ስሕተት ነው። በሒሳብ ብቻ ቢሆን እተወው ነበር።

ትልቁ ስሕተት ሌላ ነው። ፍሬመኖች በረሃቸውን አረንጓዴ የማድረግ ሕልም አላቸው። መጽሐፉ ውስጥ ካይንስ የሚባል የተፈጥሮ አጥኚ አለ፤ አባቱ ነው ሕልሙን የዘራው። ውሃ ጠብታ በጠብታ ያጠራቅማሉ፤ ከመሬት በታች፣ በድብቅ፣ ሰው ተጠምቶ እየሞተ እንኳ አይነኩትም። መቼ ነው የሚያልቀው ብለው ሲጠይቁ መልሱ በመቶ ዓመታት የሚቆጠር ነው። ማለት ምን ማለት ነው? ዛሬ የሚያጠራቅመው ሰው አያየውም። ልጁም አያየውም። የልጅ ልጁም አያየውም። እያወቁ ያጠራቅማሉ! እኔ ይህን ሳነብ ቱላውን ነው ያየሁት። የቆፈሩት የሉም፣ ውሃው አለ። መሰላሉ ላይ የቆመው ሰው ከማን እጅ እንደተቀበለ ያውቃል፣ ለማን እንደሚያቀብል ያውቃል።

ፊልሙም እኮ ያን የተጠራቀመ ውሃ ያሳየናል! አሳይቶን ሲያበቃ አንድ ሰው ቀና ብሎ ሰማይ አየና አዘነበው። ያን ሁሉ ጠብታ፣ ያን ሁሉ ጥም፣ ያን ሁሉ ትውልድ በአንድ ደቂቃ ምንም አደረገው። አባ ሄሬጋ ምን ይሥራ? መሰላሉ ላይ የተደረደሩት ምን ይሥሩ? ይበተኑ?

ገና አላበቃሁም፤ ከዚህ የባሰ አለ። ኸርበርት ይህን መጽሐፍ የጻፈው አዳኝ መጣልን ብሎ ለመዘመር አይደለም። ተጠንቀቁ ሊል ነው። አንድን ሰው አይሳሳትም ብላችሁ እጃችሁን አትስጡ ሊል ነው። ፖል መጽሐፉ ውስጥ ወደፊት ያያል፤ በስሙ የሚደረገውን ጦርነት ያያል፣ በባንዲራው ሥር የሚቃጠሉትን ዓለማት ያያል። ይፈራል። ከገጽ ገጽ ይህ ፍርሃት አይለቀውም። ሊያስቆመው ይሞክራል፣ አይችልም። በ1969 በወጣው ሁለተኛው መጽሐፍ ፖል ራሱ ቁጭ ብሎ ይቆጥራል፤ 61 ቢሊዮን ሰው ገድያለሁ ይላል። 61 ቢሊዮን! ትንቢቱ ራሱ በቀድሞ ዘመን ሆን ተብሎ በሕዝቡ መሐል የተዘራ እንደሆነ መጽሐፉ ከጅምሩ ነግሮናል። ሰዎቹ የሚጠብቁት አዳኝ ሌሎች ለራሳቸው ጥቅም የተከሉባቸው ተስፋ ነው።

ፊልሙስ? ፊልሙ ትንቢቱን እውነት አደረገው። ሰማዩን ምስክር አደረገለት። የመጨረሻው ንግግር እንኳ ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ ተብሎ ይጠየቅና የተጠበቀው እሱ ስለሆነ ነው ተብሎ ይመለሳል። አለቀ። ማስጠንቀቂያ የነበረው መጽሐፍ የምስጋና መዝሙር ሆነ። ምሰሶው ይሄ ነበር። የነቀሉት ይሄንን ነው።

«ፊልም ነው፣ ሰው ደስ ብሎት ይውጣ፣ ምን አለበት?» የምትሉ ትኖራላችሁ። የዚያን ዕለት ጓደኞቼም እንዲሁ አሉኝ። እኔ ግን በዚያ ዓመት ዝናብ እንዴት እንደሚጠበቅ አይቼ ነበር የመጣሁት። ተማሪዎቼ ደመና ሲያዩ ከክፍል እየወጡ ሲሮጡ አይቻለሁ። ደመናው አልፎ ሲሄድ ፊታቸውን አይቻለሁ። ለጠማው ሰው ትልቅ ሰው ይመጣና ያዘንብልሃል ብሎ መንገር ቀልድ አይደለም። ያ የጠማው ሰው ኤላውን መጥረግ ቢተውስ? ተራውን መጠበቅ ቢተውስ? እኛስ በአገራችን ስንት ጊዜ ነው አንድ ሰው መጣ ብለን ሜዳ ወጥተን ያጨበጨብነው? የእኔ ትውልድ ስንት ጊዜ አጨብጭቧል? መልሱን ለእናንተ እተወዋለሁ። እኔ የራሴን አውቃለሁ።

እዚህ ክፍል ውስጥ ድርሰት ወደ ፊልም ለመለወጥ የምትሠሩ ልጆች አላችሁ። ሁለታችሁ ረቂቃችሁን አሳይታችሁኛል፤ ደስ ብሎኛል። ልጆቼ፣ የምትወዱትን መጽሐፍ ስትይዙ መጀመሪያ መጨረሻውን ጠይቁት። ደራሲው ለምን እዚያ ቆመ? ለምን አንድ እርምጃ አልጨመረም? ኸርበርት ዝናብ ማዝነብ አቅቶት ነው? በአንድ ዓረፍተ ነገር ማዝነብ ይችል ነበር። አላዘነበም። የእሱ መጽሐፍ በሁለት ሴቶች ንግግር ነው የሚያልቀው። ፖል ለሥልጣን ሲል የንጉሠ ነገሥቱን ልጅ ያገባል፤ የሚወዳት ቻኒ ቁባት ሆና ትቀራለች። እናቱ ራሷ ቁባት ነበረች፤ ታሪክ እኛን ሚስቶች ብሎ ይጠራናል ብላ ታጽናናታለች። ድል በተደረገበት ቀን የመጨረሻው ድምፅ አንዲት የከፋት ሴት የምትጽናናበት ነው። እዚያ ላይ ነው የቆመው።

ጓደኛዬ፣ ያ እቅፍ አድርጎኝ «ዘነበላቸው እኮ» ያለኝ፣ ዛሬ እዚህ አለ። ያንን ሽፋን የሌለው መጽሐፍ በዚያው ክረምት ሰጥቼው ነበር። የመለሰልኝ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። የእራቱ ግብዣ ገጽ ላይ የቡና ጠብታ አለ፤ የእሱ ነው። ስሙን አልጠራም፣ ይፈቅዳል አይፈቅድም አላውቅም... እሺ፣ እጁን አወጣ። መጽሐፉ እንደገና እሱ ጋ ነው፤ ዛሬ ይዞት መጥቷል። ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ግለጡት። በሚቀጥለው ስብሰባ የድሮውን ፊልም እዚሁ አብረን እናየዋለን። ከዚያ በፊት ግን የእራት ግብዣውን ምዕራፍ አንብባችሁ ኑ፤ አሥር ኮፒ አስነሥቻለሁ፣ በር ላይ ውሰዱ።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ቡናው ደርሷል። ጥያቄ ያለው ሲኒውን ይዞ ይጠይቀኝ።